የድሮ ቪዲዮ ጌሞች ሥዕል ከማን እንደተቀዳ ይነገረን

የጃፓኑ ኮናሚ ኩባንያ በ1987 ኤምኤስኤክስ2 ለተባለው የቤት ኮምፒውተር ባወጣው «ሜታል ጊር» በተሰኘ ጌም ሽፋን ላይ፣ ሶሊድ ስኔክ የተባለው ጀግና መሣሪያውን ጨብጦ ቆሟል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ሥዕል በ1984 ለታየው «ተርሚኔተር» ፊልም ማስተዋወቂያ ከተነሣው የተዋናይ ማይክል ቢን ፎቶግራፍ ጎን ያስቀመጠ ሰው ሌላ ማስረጃ አይፈልግም፤ አቋሙም፣ የመሣሪያ አያያዙም፣ የፊቱም አቅጣጫ አንድ ነው። የተለወጠው ልብሱና ከበስተኋላው የሚታየው ነገር ነው። ጌሙን የገዛ ሰው ግን ያ ፊት የማን እንደሆነ፣ ፎቶግራፉንም ማን እንዳነሣው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

እንዲህ ያሉ ተመሳሳዮች ብዙ ናቸው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወጡ ጌሞችን ሽፋን፣ የመክፈቻ ሥዕልና ገጸ ባሕርያት በጥንቃቄ የሚመረምሩ አፍቃሪዎች ከፊልም ፖስተር፣ ከሙዚቃ አልበምና ከልብ ወለድ መጽሐፍ ሽፋን የተቀዱ ሥራዎችን እስከ ዛሬ እያገኙ ነው። ግኝቱ በተነገረ ቁጥር ክርክሩ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወገን ነገሩ ስርቆት ነው ሲል፣ ሌላው ዘመኑ እንደዚያ እንደነበረና ሠዓሊዎቹ ለሚወዱት ፊልም ያላቸውን ፍቅር እንደገለጹ ይከራከራል። ሁለቱም ወገኖች የሚያዩት ያለፈውን ብቻ በመሆኑ ዛሬ የሚሆነው ያመልጣቸዋል። እነዚህ ጌሞች አሁንም በስብስብ መልክ እየተዘጋጁ ለአዳዲስ ማሽኖች ይሸጣሉ፤ ሻጮቹም የተቀዳውን ሥዕል አንዳንድ ጊዜ ያለ አንዳች ማብራሪያ እንዳለ ያቀርቡታል፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ለማንም ሳይናገሩ አጥፍተው በሌላ ይተኩታል። ሁለቱንም እቃወማለሁ። ሥዕሉ እንደነበረ ሊቀመጥ፣ ከማን እንደተቀዳም በስም ሊነገር ይገባል።

ከዚህ በፊት ግን ሥራው እንዴት ይሠራ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የዛሬ ተመልካች ቀድቶ መሳልን አንድ ቁልፍ ተጭኖ ከመገልበጥ ጋር ያመሳስለዋል። በእንግሊዝ በብዙ ቤቶች ይገኝ የነበረው ዜድኤክስ ስፔክትረም የተባለ ኮምፒውተር 256 በ192 ፒክስል (ምስሉን የሚሠሩ ጥቃቅን ነጥቦች) የሆነ ስክሪን ነበረው፤ ከዚህም በላይ ስምንት በስምንት በሆነች በእያንዳንዷ ትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ ከሁለት በላይ ቀለም ማስገባት አይቻልም ነበር። ኮሞዶር 64 የተባለው የቤት ኮምፒውተር በጠቅላላው 16 ቀለሞች ነበሩት፤ ሠዓሊው በአንድ ቦታ ላይ በርከት ያሉ ቀለሞችን ለመጠቀም ከፈለገ የስክሪኑ ስፋት ወደ 160 ፒክስል ይወርድበታል። ምስል ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡ መሣሪያዎች ውድና ደካማ ስለነበሩ፣ ብዙ ሠዓሊዎች በመጽሔት ላይ ያገኙትን ፎቶግራፍ መስመር በሚያሳይ ስስ ፕላስቲክ ላይ ያወጡና ፕላስቲኩን በስክሪኑ ላይ ለጥፈው በጆይስቲክ ወይም በማውስ ነጥብ በነጥብ ይከተሉት ነበር። ሌሎች በካሬ ወረቀት ላይ እየቆጠሩ ይሠሩ ነበር። የአንድን ሰው ጉንጭ ጥላ በሦስት ቀለም ብቻ ማሳየት፣ የዓይንን አቅጣጫ በሁለት ፒክስል ማስተካከል ከባድ ሙያ ነው፤ ይህን ሙያ ከልቤ አደንቃለሁ።

ሙያው ከባድ መሆኑ ግን የሥዕሉን አሳብ የቀጂው ንብረት አያደርገውም። ብርሃኑ ከየት እንዲመጣ፣ ሰውየው እንዴት እንዲቆም፣ ምን ከፊት ምን ከኋላ እንዲሆን የወሰነው ሌላ ሰው ነው፤ ያም ሰው ብዙውን ጊዜ የሚኖረው በዚያው ሙያ ነበር። ምንጩ ግልጽ ሲሆን ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው። በ1985 ለአሚጋ ኮምፒውተር የወጣውን ዴሉክስ ፔይንት የተባለ የሥዕል ፕሮግራም ያስተዋወቀው ምስል፣ አቭሪል ሃሪሰን የተባለች ሠዓሊ የሠራችው የፈርዖን ቱታንክሃሙን የወርቅ ጭምብል ነበር። ምስሉ ከነባር ሥራ የተቀዳ ነው፤ ነገር ግን ያን ጭምብል ዓለም ሁሉ ስለሚያውቀው ማንም አልተታለለም፣ የማንም ስም አልተሸሸገም፤ የሠዓሊዋም ችሎታ ይበልጥ ጎልቶ ታየ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ «ኮንትራ» የተባለው ጌም ሽፋን ነው። ሁለት ጡንቻማ ወታደሮች መሣሪያ ይዘው፣ ከበስተኋላቸው አስፈሪ ፍጡር አፉን ከፍቶ የሚታይበት ይህ ሥዕል ከዘመኑ ጌሞች ሽፋን ሁሉ ከታወቁት አንዱ ነው። ሥዕሉን የሠራው ቦብ ዌክሊን የተባለ ብሪታኒያዊ ሠዓሊ ሲሆን፣ የሠራውም ለማንቸስተሩ ኦሽን ኩባንያ ነበር፤ ኦሽን ጌሙን «ግራይዞር» በሚል ስም ለቤት ኮምፒውተሮች ሊያወጣው ነበርና። በኋላ ኮናሚ ይህንኑ ሥዕል በ1988 በሰሜን አሜሪካ ለኒንቴንዶ ማሽን በወጣው ኮንትራ ሽፋን ላይ ተጠቀመበት። የሁለቱ ወታደሮች አቋም የተወሰደው ደግሞ በ1987 ለወጣው «ፕሬዴተር» ፊልም ከተነሡ የአርኖልድ ሽዋርዘኔገር ፎቶግራፎች ነው፤ ማለትም በሽፋኑ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የሚዋጉት ሁለት ጓዶች በመነሻቸው አንድ ሰው ናቸው። ከበስተኋላ ያለው ፍጡርም የስዊዘርላንዱ ሠዓሊ ኤች. አር. ጊገር ለ«ኤሊየን» ፊልም የነደፈውን ፍጡር በግልጽ ያስታውሳል።

እዚህ ላይ ዌክሊንን በሌብነት ከስሶ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ፍትሐዊ ሆኖ አላገኘሁትም። ዌክሊን በአጭር ቀነ ገደብ ሽፋን በሽፋን ላይ የሚሠራ፣ ጌሙ ገና ሳያልቅ ሥዕሉን እንዲያስረክብ የሚጠበቅበት ባለሙያ ነበር። ሥዕሉ ባሕር ተሻግሮ በሌላ ኩባንያ ምርት ላይ ሲታተም፣ ያን ሳጥን በእጃቸው ይዘው ያደጉት አብዛኞቹ ልጆች የዌክሊንን ስም ሰምተው አያውቁም ነበር፤ ብዙዎቹ የሰሙት ጎልማሶች ከሆኑ በኋላ ነው። ዌክሊን በ2018 ዐርፏል። ስለዚህ በኮንትራ ሽፋን ላይ ስማቸው የቀረ ሰዎች በአንድ ወገን ብቻ አይደሉም፤ የተቀዳባቸው የፊልም ፎቶግራፍ አንሺዎችም ስማቸው አልተነገረም፣ የቀዳው ሠዓሊም እንደዚሁ። ስሙ በጉልህ የታተመው የኩባንያው ብቻ ነው።

ይህ የኢንዱስትሪው ሥር የሰደደ ልማድ ነበር። ዋረን ሮቢኔት በአታሪ 2600 ማሽን ላይ ለሚጫወት «አድቬንቸር» ለተባለ ጌም የራሱን ስም በምስጢር ክፍል ውስጥ የደበቀው፣ አታሪ የፈጣሪዎችን ስም ስለማያወጣ ነበር። በጃፓንም በዘመኑ በርካታ ኩባንያዎች ተፎካካሪ እንዳይነጥቃቸው በመስጋት ሠራተኞቻቸው በእውነተኛ ስማቸው ሳይሆን በቅጽል ስም ብቻ እንዲጠቀሱ ያደርጉ ነበር። የራሱን ሠዓሊ ስም የማያወጣ አሳታሚ የሌላውን ሠዓሊ ስም ያወጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ቅጂው በዝምታ የተስፋፋበትን ምክንያት ከሠዓሊዎቹ ባሕርይ ይልቅ በዚህ አሠራር ውስጥ አገኘዋለሁ።

ኩባንያዎቹ መብት ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር የሚለውን መከራከሪያ ደግሞ አልቀበለውም፤ የራሳቸው መብት ሲነካ እጅግ ፈጣኖች ነበሩና። በ1982 የአሜሪካ ሰባተኛ ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ የፊሊፕስ «ኬ.ሲ. መንችኪን» የተባለ ጌም ከ«ፓክ-ማን» ጋር ከመጠን በላይ ይመሳሰላል በማለት ለአታሪ ወስኗል። በ1988 የጀርመኑ ሬይንቦው አርትስ «ካታኪስ» የተባለ ጌም ሲያወጣ፣ «አር-ታይፕ» የተባለውን ተመሳሳይ ጌም የቤት ኮምፒውተር መብት የያዘው አክቲቪዥን ወዲያውኑ ተቃወመ፤ ካታኪስም ከገበያ ወጥቶ «ዴናሪስ» በሚል ስም ተቀይሮ ተመለሰ። ከዚያ የተከተለው ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል፦ የካታኪስ ፈጣሪ ማንፍሬድ ትሬንዝ የአር-ታይፕን የኮሞዶር 64 ቅጂ እንዲሠራ ተደረገ። ኩባንያ ከኩባንያ ሲቀዳ ጠበቃ ይመጣል፣ ድርድር ይካሄዳል፣ ሥራም ይገኝበታል። ይኸው ትሬንዝ በ1990 የፈጠረው «ቱሪካን» የመክፈቻ ሥዕል ግን በ1988 ማኖዋር የተባለው የሮክ ቡድን ባወጣው «ኪንግስ ኦፍ ሜታል» የተሰኘ አልበም ሽፋን ላይ የተመሠረተ ነው። የአልበሙን ሽፋን የሣለው አሜሪካዊው ኬን ኬሊ ነበር፤ ኪስ የተባለውን የሮክ ቡድን «ዲስትሮየር» አልበም ሽፋን የሣለውም እርሱ ነው። ቱሪካንን የሚያወድሱ ጽሑፎች የትሬንዝንና የሙዚቃውን ደራሲ የክሪስ ሁልስቤክን ስም ሁልጊዜ ያነሣሉ፤ የኬሊ ስም የሚነሣው አልፎ አልፎ እንደ አስገራሚ ወሬ ብቻ ነው።

ከሌላ ሥራ መነሣት ሁሉ ነውር ነው የሚል ሰው ካለ ጆርዳን ሜክነርን ያስታውስ። ሜክነር በ1989 ለአፕል ቱ ኮምፒውተር ያወጣውን «ፕሪንስ ኦፍ ፐርዢያ» ሲሠራ ወንድሙን ነጭ ልብስ አልብሶ ሲሮጥና ሲዘል በቪዲዮ ቀረጸው፤ እያንዳንዱን ምስልም ተከትሎ የጀግናውን እንቅስቃሴ ሣለ። የሰይፍ ፍልሚያው ሲቸግረው ደግሞ በ1938 የወጣውን የሮቢን ሁድ ፊልም ወስዶ፣ ተዋናዮቹ ኤሮል ፍሊንና ባዚል ራትቦን ፊት ለፊት ሆነው ከጎን የሚታዩበትን አጭር ቅንጭብ ለመሠረትነት ተጠቀመ። ይህን የምናውቀው እርሱ ራሱ ስለተናገረና የሥራ ማስታወሻውን ስላሳተመ ነው። ከፊልሙ የወሰደው የሰውነትን እንቅስቃሴ ነው፤ ፊታቸውን፣ ልብሳቸውን፣ የትዕይንቱን ቅንብር ትቶ በጥቂት ፒክስሎች ውስጥ ከዚያ በፊት በጌም ያልታየ ሕያውነት አምጥቷል። ምንጩን በግልጽ መናገሩ ክብሩን ቅንጣት ያህል አልቀነሰበትም። እንዲያውም ዛሬ የጌም ንድፍ የሚማሩ ወጣቶች ሥራው እንዴት እንደተሠራ የሚያጠኑት ምንጩ ስለታወቀ ነው።

አሁን ወደ ድጋሚ እትሞቹ ልምጣ። በ1990 የወጣው «ሜታል ጊር 2» በሬዲዮ ንግግር ጊዜ የገጸ ባሕርያቱን ፊት ያሳይ ነበር፤ ስኔክ ሜል ጊብሰንን፣ ቢግ ቦስ ሾን ኮነሪን፣ ኮሎኔል ካምቤል ሪቻርድ ክሬናን ይመስሉ ነበር፤ መመሳሰሉም በአጋጣሚ የመጣ አልነበረም። ጌሙ በ2005 ከሌላ የሜታል ጊር ጌም ጋር ተያይዞ ዳግም ሲወጣ እነዚያ ፊቶች በአዲስ ሥዕል ተተኩ። በሰዎች መልክ ያለፈቃድ መነገድን ማቆም ተገቢ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ኮናሚ በ2023 እነዚህን ጌሞች «ማስተር ኮሌክሽን ቮልዩም 1» በሚል ስብስብ ሲያወጣ፣ ዛሬ ጊዜ ያለፈባቸው ሊባሉ የሚችሉ ይዘቶች ታሪካዊ ዳራውንና የፈጣሪውን ዓላማ ለመጠበቅ ሲባል ሳይለወጡ መቅረባቸውን የሚገልጽ ማሳሰቢያ አስቀምጧል፤ በሜታል ጊር 2 ውስጥ የሚታዩት ግን የተተኩት ፊቶች ናቸው። ታሪክን ሳልለውጥ አቀርባለሁ የሚል አሳታሚ የለወጠውን የመናገር ግዴታ አለበት፤ ለዚህም ከማሳሰቢያው አጠገብ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር።

የሴጋ «ሪቬንጅ ኦፍ ሺኖቢ» ታሪክ ከዚህም ይበልጥ ግልጽ ነው። በ1989 የወጣው የመጀመሪያው ቅጂ ስፓይደር-ማንን፣ ባትማንን፣ ተርሚኔተርንና ጎድዚላን የሚመስሉ ባላንጣዎች ነበሩት። ቀጥለው በወጡት ቅጂዎች ባትማን ክንፍ ወዳለው ሌላ ፍጡር ተለወጠ፣ ጎድዚላ አጥንቱ ወደሚታይ ዳይኖሰር ተለወጠ። ስፓይደር-ማን ግን ሴጋ ከማርቭል ጋር ስለተስማማ የባለቤቱ ስም በመክፈቻው ላይ ተጽፎ በቦታው ቆየ። በአንድ ጌም ውስጥ ሁለቱንም መንገድ እናያለን፦ ስም ሲጠራና ስምምነት ሲደረግ ሥዕሉ ሕጋዊ ሆኖ ይኖራል፤ ይህ ሳይሆን ሲቀር ሥዕሉ ይጠፋል፣ ተጫዋቹም ምን እንደጠፋበት አያውቅም።

የጠፋው ነገር ጉዳቱ ለታሪክ ነው። የአሜሪካው የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባሳተመው ጥናት፣ በአሜሪካ ከወጡ የድሮ ጌሞች 87 በመቶ ያህሉ ዛሬ በሕጋዊ ገበያ እንደማይገኙ አሳይቷል። ከቀሩት ጥቂቶች ውስጥ በዝምታ የተለወጡት ሲጨመሩ፣ የመጀመሪያውን ሥዕል ማየት የሚፈልግ ተመራማሪ ወይ ውድ አሮጌ ካርትሪጅ ማፈላለግ፣ ወይ ያልተፈቀደ ቅጂ መጠቀም ይገደዳል። ቅጂውን የምንቃወም ሰዎች ጭምር የቅጂው ማስረጃ እንዲቆይ መፈለግ አለብን፤ ሥዕሉ ከጠፋ የተቀዳበት ሠዓሊ ሥራው ምን ያህል ሩቅ እንደተጓዘ የሚያሳይበት ነገር አይኖረውም።

በዚህ አሳብ ላይ ከሚነሡት መቃወሚያዎች ክብደት የምሰጠው ለአንዱ ነው። ምንጩን በይፋ መናገር ጥፋትን ማመን ስለሚሆን ክስ ይጋብዛል፣ ስለዚህ የትኛውም የኩባንያ ጠበቃ አይፈቅድም ይባላል። ሥጋቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ዝምታም እንደማያድን የጁዲ ጁራሴክ ጉዳይ ያሳያል። ጁራሴክ በ1996 ለሠዓሊዎችና ለንድፍ ባለሙያዎች የግድግዳ፣ የመስታወት፣ የእንጨትና የድንጋይ ገጽታ ፎቶግራፎችን የያዘ መጽሐፍ ከሲዲ ጋር አሳተመች፤ ፎቶግራፎቹን ለንግድ መጠቀም የሚፈልግ ፈቃድ ሊጠይቃት ይገባ ነበር። በሰኔ 2021 በኮነቲከት ግዛት በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ባቀረበችው ክስ፣ የጌም ኩባንያው ካፕኮም «ረዚደንት ኢቭል 4»ን ጨምሮ በበርካታ ጌሞቹ ውስጥ ቢያንስ 80 ፎቶግራፎቿን ያለፈቃድ ተጠቅሟል አለች፤ የረዚደንት ኢቭል 4 አርማ ላይ የሚታየው የተሰባበረ መስታወት አንዱ ነበር። በ2020 ካፕኮም በኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች በተጠቃ ጊዜ ከወጡት ፋይሎች መካከል ስማቸው በሲዲዋ ላይ ካሉት ጋር አንድ የሆኑ መኖራቸውንም በማስረጃነት ጠቀሰች። ጉዳዩ በ2022 መጀመሪያ ፍርድ ሳይሰጥበት በስምምነት አልቋል።

ረዚደንት ኢቭል 4 የወጣው በ2005 ነው። ክሱ የቀረበው ከ16 ዓመት በኋላ ነው። በእነዚህ ዓመታት ጌሙ ለተለያዩ ማሽኖች በተደጋጋሚ ወጥቶ ተሽጧል፤ በእያንዳንዱ ድጋሚ እትም ላይ ጠይቆ፣ ተነጋግሮ፣ ከፍሎ ነገሩን ማስተካከል ይቻል ነበር። ቀድሞ የሚናገር አሳታሚ በራሱ ጊዜና በራሱ አቅም ይደራደራል፤ ዝም ያለው ግን ሌሎች በመረጡት ሰዓት በፍርድ ቤት ይቆማል። የፊልም ፎቶግራፍና የአልበም ሽፋን ደግሞ ከግድግዳ ምስል ይልቅ በቀላሉ ይታወቃሉ፤ ሜታል ጊርንና ማይክል ቢንን ጎን ለጎን ያላየ የጌም አፍቃሪ ዛሬ ጥቂት ነው። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር መደበቅ የሚጎዳው ያልተጠቀሰውን ባለሙያ ነው።

አሠራሩ አዲስ ወጪ አይጠይቅም። ኮናሚ በ2019 ባወጣው የኮንትራ ስብስብ ውስጥ ስለ ጌሙ ታሪክ የሚተርክ ዲጂታል መጽሐፍ አካቷል፤ የሜታል ጊር ስብስብም ተመሳሳይ መጻሕፍት አሉት። ቱሪካንም በ2021 በስብስብ መልክ ዳግም ለገበያ ቀርቧል። ስለዚህ ቦታው አለ፤ በሚቀጥሉት እትሞች ላይ የሚጻፈውም አጭር ነው። ለኮንትራ፦ ሥዕሉን የሣለው ቦብ ዌክሊን ሲሆን፣ የወታደሮቹ አቋም ከፕሬዴተር ፊልም ፎቶግራፎች የተወሰደ ነው። ለቱሪካን፦ የመክፈቻው ሥዕል ኬን ኬሊ ለማኖዋር በሣለው የአልበም ሽፋን ላይ የተመሠረተ ነው። ለሜታል ጊር ደግሞ ከተዋናዩ ስም ጋር የፎቶግራፍ አንሺው ስም ሊታከል ይገባል፤ ያን ስም ከፊልሙ መዛግብት ፈልጎ ማግኘትም የሚጠበቀው ጌሙን ዛሬ ከሚሸጠው ኩባንያ ነው።